የታፈሰ ቤት፣ ቀሪ

ታፈሰ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ እድሩ ግን መርዶውን የሰማ አይመስልም። ሬሳውን ያነሣው፣ ለቀስተኛውን ያስተናገደው፣ ሠልስቱን ያወጣው ያው እድር ነው እኮ! ሆኖም በየሦስት ወሩ እሑድ ከሰዓት በሚደረገው ስብሰባ፣ ጸሐፊው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ስም ሲጠራ፣ "የታፈሰ ቤት?" ይላል። ከፊት ረድፍ አንድ ጎልማሳ፣ "አለ!" ብሎ ይመልሳል። የታል ታፈሰ? ታፈሰ የለም። ያለችው ሚስቱ ሰርካዲስ ናት፤ እሷም ያለችው ከአዳራሹ ጀርባ ኪችን ውስጥ፣ ሽንኩርት ላይ አቀርቅራ ነው።

"አለ!" ባዩ ባርናባስ ይባላል፤ የአንድ ልጇ የሔራን ባል ነው። ምስጉን አማች ነው፣ አይታማም። ከከተማው ርቃ ካለችው ከማኪኒ ድረስ እየነዳ መጥቶ የአማቱን ድምፅ ይሰጥላታል። ደንቡ እንደዚያ ነዋ! አንድ ቤት አንድ ድምፅ፤ ድምፁን የሚሰጠው አባወራው። አባወራው የሞተበት ቤት ከሆነ የቅርብ ወንድ ዘመድ ይወከልለታል፤ ተወካዩም ቀኝ እጁን ለራሱ ቤት፣ ግራ እጁን ለሟች ቤት ያነሣል። ስለዚህ ጨዋ ጨዋ ሰዎች ሁለት እጃቸውን ሽቅብ ዘርግተው፣ ፖሊስ "እጅ ወደ ላይ!" ያላቸው መስለው ተቀምጠው ብታዩ አትደንግጡ። ድምፅ እየሰጡ ነው።

ደንቡን ማን ጻፈው? ሙት ወቃሽ አታድርጉኝና፣ ራሱ ታፈሰ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አካባቢ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እዚህ ቴክሳስ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈር ባለችው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማቸው ውስጥ ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ሳይቀር ተጨናንቀው ተቀምጠው ነው እድሩ የተወለደው። ሰርካዲስ ሻይ ታመላልስ ነበር። "አንድ ቤት አንድ ድምፅ" ሲባል ሰምታለች። ያኔ ምኗ ነው? ባሏ አጠገቧ አለ፤ የሱ ድምፅ የሷም ነው። ደግ ባል ነበር፣ ታክሲ እየነዳ የኖረ፣ ቁጣው ቶሎ የሚነሣ ቶሎ የሚበርድ። አሜሪካዊ ዜግነት ባገኙ ጊዜ እንኳ ምርጫ ጣቢያ በር ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ "እኔ የመረጥኩትን ምረጪ፣ ሌላ እንዳትነኪ" ብሏት ገብተዋል። እሷም ሌላ አልነካችም።

እሱ ከሞተ በኋላ የመጣው ምርጫ ላይ ግን ብቻዋን ሄደች። ማሽኑ ፊት ቆመች፣ ቆመች፣ ቆመች። ከኋላዋ የነበሩት ሁሉ መርጠው ሄዱ። የማታውቀው ነገር ኖሮ አልነበረም፤ ዞር ብላ "ምን ይሻላል?" የምትለው ሰው ፈልጋ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለማንስ ትናገራለች? ሔራን ሥራ አላት፣ ልጆች አሏት፣ ማኪኒ ደግሞ ቅርብ አይደለም። ከጎኗ ያለው አፓርታማ የምትኖር በርማዊት ጎረቤት አለቻት፤ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ እጅ ይነሣሳሉ፣ ይሣሣቃሉ፣ አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። ከዚያ ውጭ ቴሌቪዥኑ ነው። ዜና ስለምትወድ እንዳይመስላችሁ፤ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብላ ነው የምትከፍተው።

ያም ሆኖ እድሩ ነበራት። ለሰርካዲስ እድር ማለት ኪችኑ ነው፤ ከዓለምጌጥ ጋር ሽንኩርት እየከተፉ መተማማት፣ መሣሣቅ፣ ድስት ማማሰል። ዓለምጌጥ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ ናት፤ አፏ እንደ ቢላዋዋ የሰላ፣ ባሏ ግን በሕይወት ያለ። ታዲያ ባለፈው መስከረም ሰርካዲስ ድስት ላይ ቆማ ሳለ ከአዳራሹ ጭብጨባ ተሰማ። ዓለምጌጥ ውሃ አድርሳ ተመለሰች።

"ምን ተባለ?"

"መቃብሩ ተገዛ። ራቅ ብሎ በስተሰሜን ነው አሉ፣ ሰፊ ነው። ከእንግዲህ እድሩ የሚቀብረን እዚያ ብቻ ነው።"

"የድሮውስ? ታፈሰ ያለበት?"

"የድሮው ቀረ።"

ሰርካዲስ ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ተወችው። ታፈሰ የተቀበረ ዕለት ከጎኑ ያለውን ባዶ ሣር አይታ፣ ይሄ የኔ ነው ብላ በልቧ ይዛው ነበር። ራሷ እንዳትገዛው የሆም ኬር፣ አዛውንት በየቤታቸው የመንከባከብ፣ ደሞዝ ያኖራል እንጂ አያስቀብርም። የምታምነው በእድሩ ነበር።

"የኔ እጅ ምን አለ?" አለች ቀስ ብላ።

"ደግፏል። ኧረ እንዲያውም ግራ እጁን ከቀኙ አስበልጦ ነው ያነሣው!" አለችና ዓለምጌጥ ሣቀች። የጓደኛዋን ፊት ስታይ ግን ሣቋን ዋጠች።

ወይ ጉድ! በገዛ እጇ ከባሏ ተለየች። ያውም እጇ ሽንኩርት እየከተፈ። ያን ቀን አፓርታማዋ ገብታ ቴሌቪዥኑን ሳትከፍት ተቀመጠችና አለቀሰች። በባርናባስ አልተናደደችም፤ እሱ ምን ያውቃል፣ ማን ጠይቆት? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይሄ አይደል? ድምፅ አላት፣ አይታው አታውቅም።

የምትሠራው ከከተማው ማዶ፣ ኦክ ክሊፍ ነው። ጠዋት ከፓርክ ሌን ባቡር ተሳፍራ ትሄድና ሚስ ኦዴሳ የሚባሉ ዘጠና ስድስት ዓመት የሞላቸው ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች። ሚስ ኦዴሳ ዘመድ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ያሉትም ሩቅ ናቸው። ቁጡ ናቸው፣ ሰርካዲስ ትወዳቸዋለች። በጥቅምት መጨረሻ፣ "ምርጫ ነው፣ ውሰጂኝ" አሏት። እግራቸው አይይዛቸውም። ያም ሆኖ በአሮጌ መኪናቸው ወሰደቻቸው። መውረድ የማይችል ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ መምረጥ ይችላል፤ አስመራጯ ማሽኑን ይዛ ወደ መስኮቱ መጣች። የሚስ ኦዴሳ ጣት ተንቀጠቀጠ። ሰርካዲስ ልትደግፋቸው እጇን ስትዘረጋ መታ አደረጉት።

"እጅሽን ሰብስቢ! ይሄ የኔ ነው።"

ጊዜ ፈጀባቸው። ከኋላ የቆመው መኪና ጥሩንባ ነፋ። አልቸኮሉም።

ሲመለሱ ስለ እናታቸው አወሯት። እናታቸው የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች። ሴት ትምረጥ ተብሎ ከታወጀ በኋላ እንኳ እዚህ ቴክሳስ ለመምረጥ ግብር መክፈል ግድ ነበር። እናትየው በየዓመቱ ትከፍላለች። እጩዎቹ የሚለዩበት፣ ሁሉ ነገር የሚወሰንበት ቅድመ ምርጫ ሲደርስ ግን፣ "ይሄ የነጮች ነው" ተብላ ትመለሳለች። በዓመቱ ደግሞ ሄዳ ትከፍላለች።

"ታዲያ ካልመረጠች ለምን ትከፍላለች?" አለች ሰርካዲስ።

"ደረሰኙ ላይ ስሟ አለ። የአባቴ ስም አይደለም፣ የሷ። 'ስሜን ከጻፉት አንድ ቀን ይጠሩታል' ትል ነበር።"

ሰርካዲስ ይህን ይዛ ባቡር ተሳፈረች። እቤቷ እስክትደርስ ስለ አንድ የማታውቃት አጣቢ ሴት አሰበች፤ ክፍያ ትከፍላለች፣ ድምፅ የላትም። እኔስ ከዚህ በምን እለያለሁ አለች። ለአሜሪካን ፕሬዚደንት እመርጣለሁ፣ ለመቃብሬ ግን አልመርጥም። እዚያ ድምፅ አለኝ፣ ሰው የለኝም፤ እዚህ ሰው አለኝ፣ ድምፅ የለኝም። ሁለቱ አንድ ቦታ ቢገኙ ምን ነበረበት?

በታኅሣሡ ስብሰባ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አቀረበች፦ ባል የሞተባት ሴት ድምፅዋን ራሷ ትስጥ። አለቀ፤ ይችው ናት። እሱ ከተፈቀደላት የድሮውን መቃብር ነገር ራሷ ታነሣዋለች። አስቀድማ ለባርናባስ ነገረችው። ባርናባስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እማዬ፣ በጣም ትክክል ነው የሚሉት። እደግፋለሁ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አላት። ግንባሩንም ዓይኑንም አመነችለት።

ሰብሳቢው ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀሩ እሳቸውና ጸሐፊው ብቻ ናቸው፤ ሰው ያከብራቸዋል፣ ይፈራቸዋልም። ለባርናባስ ደግሞ ሽማግሌ ሆነው ሔራንን የለመኑለት እሳቸው ናቸው። ጥያቄዋን ጮክ ብለው አነበቡና ፈገግ አሉ።

"እንግዲህ አባቶቻችን 'ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል' ብለዋል።" አዳራሹ ሣቀ። "ቀልዴን ነው። ሰርካዲስ እህታችን ናት፣ ክብራችን ናት። ግን ኀዘንተኛ ሴት ጭቅጭቅ ውስጥ ምን አስገባት? ደንቡ ያወጣላት እረፍት ነው። እኔ በበኩሌ እቃወማለሁ። ኦኬ፣ የምትደግፉ?"

ሴቶቹ ኪችኑ በር ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ሰርካዲስ ከፊት ናት፣ ሽርጧን እንዳሸረጠች። እጆች ተነሡ፣ ከጠበቀችው በላይ። ወጣቶቹ በብዛት ደገፉ። ጸሐፊው በእስክሪብቶው እየጠቆመ ቆጠረ፤ ሃያ ሁለት።

"የምትቃወሙ?"

ጋሽ ሙሉጌታ ቀድመው አነሡ። ዞር ብለው ፊት ረድፉን በዓይናቸው ቃኙ። ባርናባስ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆየ። ባርናባስ አንገቱን አቀረቀረ። ከዚያ ቀኝ እጁ ተነሣ። ግራ እጁም ተከተለ።

ባል የሞተባቸው ሰባት ሴቶች ነበሩ እድሩ ውስጥ። ከሰባቱ አምስቱ ያን ቀን ራሳቸውን ተቃወሙ፤ ሁሉም ኪችን በር ላይ ቆመው እያዩ።

"ሃያ ሦስት" አለ ጸሐፊው።

ሰርካዲስ ምን እንደያዛት እስከ ዛሬ አታውቅም። አማትና አማች በሰው ፊት ቀርቶ በቤት እንኳ ተፈራርቶ ነው የሚኖረው፤ ሔራንን ካገባ ጀምሮ ከባርናባስ ጋር ከመሳሳም በቀር ተነካክተው አያውቁም። ያን ቀን ግን ከበሩ ወጥታ በወንበሮቹ መሃል ሄደች። ሰው ሁሉ ሽንት ቤት የምትሄድ መስሎት መንገድ ለቀቀላት። ባርናባስ አጠገብ ስትደርስ ግራ እጁን አንጓው ላይ ያዘችው፤ ሽንኩርት በሸተተ እጇ ወደ ታች ሳበችና ጉልበቱ ላይ አኖረችው።

"ይቺ የኔ ናት" አለች።

ባርናባስ እንደ ሕፃን እጁን እያየ ቀረ።  ጸሐፊው፣ "እኩል ሆነ፣ ሃያ ሁለት ለሃያ ሁለት" ሲል፣ ጋሽ ሙሉጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኩል ከሆነ ነባሩ ደንብ ይጸናል። ወደሚቀጥለው አጀንዳ።"

በቃ። ተሸነፈች። ሽርጧን ፈታች፣ ካፖርቷን ደረበች፣ ወጣች። ባርናባስ ፓርኪንጉ ላይ ሮጦ ደረሰባት።

"እማዬ፣ በእግዚአብሔር ይስሙኝ! ልደግፍ ነበር እኮ። ግን ጋሽ ሙሉጌታ አዩኝ። የሰርጌ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው እያዩ እንዴት ብዬ በተቃራኒ እቆማለሁ? ማለቴ፣ በራሴ እጅ ተቃወምኩ፤ አንዱን ለተቃውሞ አንዱን ለድጋፍ ባነሣማ ሰው ምን ይለኛል? ሁለት ምላስ አይሉኝም?"

"ሁለት ምላስ አይደለህም ልጄ" አለችው። "ሁለት እጅ ነህ። ችግሩ አንዱ የኔ ነበር።"

አደርስዎታለሁ አላት፤ እምቢ አለች። በብርዱ በእግሯ ሄደች፣ ቅርብ ነው።

ማታውኑ ሔራን ኮል አደረገች። ሔራን በሦስት ዓመቷ ነው አሜሪካ የገባችው፤ ስትናደድ አማርኛዋ ይሰበራል። "እማዬ፣ ባሌን በሰው ሁሉ ፊት አዋረድሽው። ሶ አሁን ምን እናድርግ? እሱ አልበላም፣ አላወራም። ለምንድነው ለኔ መጀመሪያ ያልነገርሽኝ?" ሰርካዲስ መልስ ነበራት፤ አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ፣ መቼ ከኔ ጋር ተቀመጥሽ የሚል። ዋጠችው። ሆድ ይፍጀው አለች። ሔራን ስልኩን ዘጋች፣ ከዚያ በኋላም በየእሑዱ መደወሏን ተወች።

ዓለምጌጥ እንኳ ራቀቻት። መጥፎ ሰው ሆና አይደለም፤ ባሏ፣ "ከዚያች ጋር ብዙ አትጣበቂ" ብሏት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ከሩቅ እጅ ነስታት ትሄዳለች። ሰርካዲስ በዚያ የብርድ ወራት ሰው እንዴት ሳይሞት እንደሚቀበር አወቀች። ሥራ፣ ባቡር፣ ቤት። በርማዊቷ ጎረቤት ብቻ ናት በየጠዋቱ እንደ ልማዷ የምትሥቅላት፤ እሷ ስለ እድሩ የሰማችው ነገር የለማ።

ለሚስ ኦዴሳ ግን ሁሉንም ነገረቻቸው። አሮጊቷ፣ ሰርካዲስ የባርናባስን እጅ ይዛ ጉልበቱ ላይ ያኖረችበት ጋ ሲደርሱ እስኪያስላቸው ሣቁ። "ድገሚልኝ" አሉ። ሦስቴ አስደገሟት።

በመጋቢት ስብሰባ ሰርካዲስ ኪችን አልገባችም። አዳራሹ ውስጥ መጨረሻው ረድፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፣ ግራና ቀኟ ባዶ ወንበር። ጸሐፊው ስም ጠራ።

"የታፈሰ ቤት?"

"አለሁ" አለች።

ጸሐፊው ወደ ኋላ አላየም። ዓይኑን ፊት ረድፍ ላይ ጥሎ ባርናባስን ጠበቀ። ባርናባስ ሁለት እጆቹን ጭኖቹ ስር አድርጎ ተቀምጧል፤ አፉን አልከፈተም። ለአማቱ ያደረገላት ትልቁ ነገር ይኼው ነበር፣ ይመዝገብለት።

"የታፈሰ ቤት፣ ቀሪ" አለ ጸሐፊው፣ ጻፈም።

ቀሪ! እዚያው ተቀምጣ! ጉድ በል ጎንደር! ድምፅ በተሰጠ ቁጥር እጇን አነሣች፤ በእስክሪብቶው እየጠቆመ ሲቆጥር እሷ ዘንድ ሲደርስ ግድግዳ እንዳየ ይዘላታል። ስብሰባው ሲያልቅ እንደ ደንቡ የቀሪዎች ቅጣት ተነገረ፤ የታፈሰ ቤትም ከነሱ አንዱ። ይህ እድር ብዙ ነገር ይተዋል፤ ቅጣት ግን ትቶ አያውቅም። ሰርካዲስ ቦርሳዋን ይዛ ጠረጴዛው ዘንድ ሄደች። ጋሽ ሙሉጌታም ነበሩ።

"ጋሼ፣ ማን ነው የቀረው?"

"የታፈሰ ቤት ነዋ።"

"ታፈሰን ነው የምትቀጡት?"

"ኧረ በስመ አብ! ሙት ይቀጣል እንዴ?" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ ደንግጠው።

"ታዲያ ማንን?"

"አንቺን ነዋ።"

"እኔን ከሆነ እሺ፣ እከፍላለሁ። ግን እኔ አባል ነኝ ወይስ አይደለሁም? አባል ካልሆንኩ አልቀረሁም፤ ያልተጠራ ሰው ቀረ አይባልም። አባል ከሆንኩ ደግሞ የቀረሁት እኔ ነኝና ደረሰኙን በስሜ ጻፉልኝ።"

ጋሽ ሙሉጌታ ደንቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ዙሪያቸው የቆሙት ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ሣቅ አመለጠው። ቅጣቱን ማንሣት ደግሞ አይቻልም፣ ልማድ ይበላሻል። ጋሽ ሙሉጌታ ጸሐፊውን ዞረው፣ "ጻፍላት በቃ! ትክፈልና እንገላገል" አሉ። ጸሐፊው ጻፈ፦ ከወይዘሮ ሰርካዲስ፣ የቀሪ ቅጣት።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስሟ እድሩ ዘንድ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። ያውም ቀረች ተብሎ።

ደረሰኙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አደረገችና፣ "እንግዲህ ጋሼ፣ የቀረሁት እኔ ከሆንኩ፣ በሚቀጥለውም የምመጣው እኔ ነኝ" አለች። 

በነጋታው ለሚስ ኦዴሳ ልታሳያቸው ደረሰኙን ይዛ ኦክ ክሊፍ ሄደች። በሩ ላይ የእህታቸው ልጅ ቆማለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሚስ ኦዴሳ ሌሊቱን አርፈዋል። ሰርካዲስ ደረሰኟን እንደያዘች በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ቀብራቸው ላይ በመጨረሻው ረድፍ ቆማ፣ በማታውቀው መዝሙር መሃል በአማርኛ፣ "ስሜን ጽፈውልኛል እማማ" አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ወዲያ የሚያጫውታት ሰው አልነበረም። የምትሠራበት ድርጅት ወደ ሌላ አዛውንት መደባት፤ እኚህኛው ጆሯቸው አይሰማም።

የሰኔው ስብሰባ ደረሰ። ሰርካዲስ ያው መጨረሻ ረድፍ፣ ያው ባዶ ወንበር መሃል። ጸሐፊው ስም ይጠራል። "የታፈሰ ቤት" የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ጋሽ ሙሉጌታን አየ። ጋሽ ሙሉጌታ ጣራውን ያያሉ። ጸሐፊው ትከሻውን ሰበቀና፣ እንደ ወግ አጥባቂ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ፣

"ወይዘሮ ሰርካዲስ?" አለ።

ቀናት ሙሉ ከሰው ጋር ሳታወራ ስለቆየች ድምፅዋ አልወጣ አላት። ሰው ዞሮ አያት። ሁለተኛ ሞከረች።

"አለሁ!"

ጮክ ብሎ ወጣ፣ ካሰበችው በላይ። ጸሐፊው ጻፈና ቀጠለ።  ማንም አላጨበጨበ፣ ማንም አልሣቀ። 

የዕለቱ አጀንዳ መዛወር ነበር፦ ይሄ አዳራሽ ኪራዩ ጨመረ፣ ሜስኪት የሚባል ሌላ ከተማ ርካሽ ተገኝቷል፣ ከመስከረም ጀምሮ ስብሰባው እዚያ ይሁን ወይ የሚል። ሁሉም መኪና አለው፣ ማን ይቃወማል? እጅ እንደ ደን ተነሣ። ሰርካዲስ ሃይዌይ አትነዳም፤ ሜስኪት ለሷ ሩቅ አገር ነው። እሑድ እሑድ በአውቶቡስ እንዴት ትደርሳለች?  የተጠራችበት ቀን የሚርቅባት ቀን ሆነ።

"የሚቃወም?" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ለደንቡ ያህል፣ ወደሚቀጥለው ወረቀት እያለፉ።

ሰርካዲስ እጇን አነሣች።

ሌላ የተነሣ እጅ አልነበረም። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ዙሪያውን ቃኘ፣ ቃኘ፣ እሷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ባርናባስም አያት። ክንዷ ከበዳት፤ አላወረደችውም።

"አንድ" አለ ጸሐፊው።

ተቆጠረች። ተሸነፈችም። ውሳኔው ጸደቀ፣ ሰው ወደ ምግቡ ተነሣ። ሰርካዲስ እዚያው ተቀመጠች፤ ሰው ሁሉ ከጎኗ ባሉት ወንበሮች አልፎ ሄደ።

ከኪችን ሔራን ትሪ ይዛ ወጣች፤ ከባሏ ጋር መጥታ ኖሯል። ሽርጥ አሸርጣለች፣ የሰርካዲስን የድሮ ሽርጥ። ከታኅሣሥ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። መጥታ የእናቷን ሳህን ጭኗ ላይ አኖረችላት፤ ወጡን እናቷ እንደምትወደው ጨልፋላታለች።

"ሰማሁሽ" አለች። "አንድ ሲል።"

"አንድ ነኝና።"

ሔራን ከንፈሯን ነከሰች። "የአባዬ መቃብር ጉዳይስ?"

"በመስከረም አነሣዋለሁ። ሜስኪት የሚያደርሰኝ ካገኘሁ።"

 ሔራን ወደ ኪችኑ፣ ከዚያ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ፣ ከዚያ ባርናባስ ከጋሽ ሙሉጌታ ጋር ወደሚሥቅበት ተመለከተች።

"ሶ እማዬ፣ የኔ ስም እንዲጻፍ መጀመሪያ መቅረት አለብኝ ማለት ነው?"

ሰርካዲስ ሣቅ አመለጣት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። "መጀመሪያ ቁጭ በይ" አለቻት፣ በእጇ ጎኗ ያለውን ወንበር መታ መታ አድርጋ።

ሔራን ወንበሩን አየችው። ትሪው እጇ ላይ ነው። ከኪችን የሚጠራት ሰው አለ።

"ወጡ ይቀዘቅዛል" አለችና ሄደች።

ሰርካዲስ እስክትገባ ድረስ አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን ከመሬት አነሣችና ያንን ወንበር ሰው እንዳይዘው አኖረችበት። መጨረሻው ረድፍ ላይ ከሷ በቀር ማንም አልነበረም።